የኦቦ ዳባ የጉልበት ትራስ

ጉልበቴ ደህና ነው። ስነሳና ስቀመጥ ጥቂት ይንቋቋል እንጂ ሌላ ምንም የለበትም። ሰው ጤነኛ ጉልበት ስላለው ያፍራል ብላችሁ አታስቡም ይሆናል፤ እኔ ግን በዚሁ ጉልበቴ ምክንያት ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ሰርቪስ ውስጥ የምቀመጠው የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው፤ ፊቴንም ወደ መስኮቱ አዙሬ። ባለቤቴ «ለሰው ብታወራው ይቀልልሃል» አለችኝ። መጀመሪያ ለእሷ አወራሁላት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። እንግዲህ ምክሯን በእናንተ ልሞክረው።

ሥራዬ አየር ማረፊያ ነው። እንዲህ ስል ቡራዩ ያሉ ጎረቤቶቼ ፓይለት ባልሆን እንኳ ከፓይለት ጋር ማኪያቶ የምጠጣ ይመስላቸዋል። እኔም አላርማቸውም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ አውሮፕላን ውስጥ የምገባው በሆዱ በኩል ነው። ሻንጣ ጫኝ ነኝ። እናንተ ከላይ የወንበር ቁጥራችሁን ስትፈልጉ፣ እኔ ከእግራችሁ ሥር ሻንጣችሁን እደረድራለሁ። በርበሬና ሽሮ የጠቀጠቃችሁበት፣ «ልብስ ብቻ ነው» ያላችሁት ሻንጣ፣ እሱን እኔ አውቀዋለሁ።

በትንንሾቹ አውሮፕላኖች ሆድ ውስጥ ቆሞ መሥራት አይቻልም፤ ጣሪያው ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ተንበርክከን እንውላለን። አንዱ ሰው በሩ አጠገብ ተንበርክኮ ሻንጣውን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ሌላው ከውስጥ ተንበርክኮ ይደረድራል። ወለሉ ብረት ነው፤ ብረቱ ላይ ደግሞ ብሎን አለ። በሩ አጠገብ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ቢያንስ እግሬን ወደ ውጭ ዘርግቼ ማረፍ እችላለሁ። ከውስጥ ያሉት ኦቦ ዳባ ናቸው። እሳቸው የሚያርፉበት የለም።

ኦቦ ዳባ የሱሉልታ ሰው ናቸው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው። ሻንጣ የሚደረድሩት ጭድ በሚከምሩበት ልማድ ነው፤ ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ፣ አንድም አይናድባቸውም። ጠዋት ላማቸውን አልበው ይመጣሉ፣ ከሥራ ሲመለሱ ደግመው አልበው ለጎረቤት ያድላሉ። ስለ ጡረታ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «እኔ ሌላ አልፈልግም። ላም ሥር ቁጢጥ ብዬ የማልብበት ጉልበት ብቻ ይተርፈኝ።» ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ባለፈው ሁዳዴ አጋማሽ ላይ ድርጅታችን ወይዘሪት ማርታ የምትባል የሴፍቲ ባለሙያ ላከልን። ሰውነቷ ቀጭን ነው፣ ድምፅዋ ግን ትልቅ ነው። አዳራሽ ሰብስባን ባዶ ካርቶን መሬት ላይ አስቀመጠችና ዕቃ እንዴት እንደሚነሳ አሳየችን። «ወገብ አይጎብጥም፤ ጉልበት ይታጠፋል፤ ዕቃው ወደ ደረት ይጠጋል፤ በእግር ኃይል ይነሳል» አለች። ባዶውን ካርቶን በእግር ኃይል አነሳችው። አጨበጨብንላት። ኦቦ ዳባ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ እኛ ጉልበታችንን አጥፈን ነው የምንውለው። ከዚህ በላይ የት እንጠፈው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። በማግስቱ ቱታ ለብሳ መጣችና ከእኛ ጋር ሆድ ውስጥ ገባች። አንድ በረራ ተጭኖ እስኪያልቅ ተንበርክካ ሻንጣ ገፋች። ስትወጣ ጉልበቷን እያሸች ሄደች። አሥር ቀን ቆይታ ሁለት ጥንድ የጉልበት መከላከያ ይዛ ተመለሰች።

ወፍራም ስፖንጅ ነው፤ ከላይ ጠንካራ ላስቲክ ተለብጦበታል፤ ከኋላ ሲያጣብቁት የሚይዝ፣ ሲያላቅቁት «ጠርርር» የሚል ማሰሪያ አለው። ኦቦ ዳባ አስረው ብረቱ ላይ ተንበረከኩና ትንሽ ቆዩ። «ይሄማ ትራስ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስሙ የጉልበት ትራስ ሆኖ ቀረ።

ማርታ ነገሩን አስረዳችን። ለጊዜው ያሉት ሁለት ጥንድ ብቻ ናቸው፤ ለሙከራ። እኔና ኦቦ ዳባ አንድ ወር እናደርገዋለን፤ በየሳምንቱ «መከላከያው ረድቶሃል?» የሚል ፎርም ላይ ከአምስት ፊቶች አንዱን እናከብባለን፤ የመጀመሪያው ፊት ጥርሱን ገልጦ የሚስቅ ነው፣ የመጨረሻው እንባ የሚያፈስ። ውጤቱ ካማረ ለሻንጣ ጫኙ ሁሉ ይገዛል፤ ካላማረ ግን ይቀራል። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የፈረቃችን ሰው ሁሉ ሰላም ሲለን ዓይኑ ከፊታችን ይልቅ ጉልበታችን ላይ ሆነ። ትራሶቹን የሚረከብ አንድ ሰው ይፈርም ሲባል እኔ ፈረምኩ። ኦቦ ዳባ በራሳቸው ትራስ ላይ ስማቸውን በማርከር፣ በቁቤ ጻፉ። እኔ አልጻፍኩም፤ ማን ይወስደዋል ብዬ።

አሁን ወደ አማቴ ልለፍ።

አማቴ ወይዘሮ አስካለ ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ልጃቸውን ሲሰጡኝ የሰሙት «አየር ማረፊያ ይሠራል» የሚለውን ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ የት አካባቢ እንደምሠራ የሰሙት ከሠርጉ በኋላ ነው። ከዚያ ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ «አንቱ» ሲሉኝ ኖሩ። አክብሮት እንዳይመስላችሁ፤ ሰውን ከደጅ የሚያቆሙበት አንቱታ ነው። «ምሳ ይብሉ» ሲሉኝ ይርበኛል።

አንድ እሁድ ምሳ ላይ ስለ ጉልበት ትራሱ አወራሁ። አማቴ የጠቀለሉትን ጉርሻ ወጥ ላይ አቆሙት።

«ለመንበርከክ ተብሎ የተሠራ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ብረት ላይ?»

«ብረት ላይ።»

«ድንጋይ ላይስ ይሆናል?»

ሰሞነ ሕማማት እየደረሰ ነበር። ስቅለት ዕለት የሚሰገደውን ስግደት የሚያውቅ ሰው ጥያቄውን ይረዳዋል። «ይሆናል መሰለኝ» አልኩ። «የእኔ ጉልበት እንደ ድሮው አይደለም፣ ልጄ» አሉ።

ልጄ! ባለቤቴ ከትሪው ቀና ብላ አየችኝ። ለዚያ ቃል ስል የአውሮፕላኑን ጎማ አውልቀህ አምጣ ቢሉኝም የምሞክር ይመስለኛል።

ስቅለት ዕለት ደግሞ የሥራ ተራዬ ነበር። ኦቦ ዳባ የሌላ ቤተ እምነት ሰው ናቸው፤ የእኛ ስግደት የለባቸውም። ሐሙስ ከሰዓት፣ ሳልጠይቃቸው፣ «ነገ አንተ ሂድና ስገድ፤ ባንተ ቦታ እኔ እገባለሁ» አሉኝ። ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። «ለእኔ ጉልበትም አንድ ሁለት ጨምርበት» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ወደ ሰርቪሱ ሲወርዱ ትራሶቹ የሚያድሩበትን የዕቃ ሳጥን ከፈትኩ።

የእኔን ብቻ ብወስድ ምን ነበረበት? አልወሰድኩማ። የእኔ ለእኔ፣ የኦቦ ዳባ ለአማቴ። ከረጢቱን ስቋጥር ያሰብኩትን አልደብቃችሁም፤ «ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ትራስ ሠርተዋል፤ አንድ ቀን ምን ይሆናሉ?» ብዬ ነው። ይህንን ያሰብኩት የእኔን ተራ ሊሠሩልኝ ፈቃደኛ በሆኑት ሰው ላይ ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል።

ስቅለት ነጋ። አማቴ ትራሱን ከቀሚሳቸው ሥር አሰሩ፤ እኔ ከሱሪዬ ሥር። ሱሪዬ ሰፊ ቢሆንም ጉልበቴ ላይ ሁለት ዳቦ የደበቅሁ ነበር የምመስለው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገብተን ስግደቱ ሲጀመር፣ ዓምና አሥር ሰግደው ግንብ የተደገፉት አማቴ ወጣቶቹን ቀደሟቸው። ወረድ፣ ቀና፣ ወረድ፣ ቀና። አጠገባቸው ያሉ እናቶች መጀመሪያ ተገረሙ፤ ቀጥሎ «ጸሎቷ ደረሰላት» ተባባሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ወደ ቀሚሳቸው ጫፍ ማየት ጀመሩ። አማቴ ምስጢር መያዝ አይችሉም። በዕረፍት ሰዓት ዛፍ ሥር ሰባት ስምንት ሴቶች ከበዋቸው «የልጄ ባል ከአየር ማረፊያ ያመጣልኝ ነው» ሲሉ ሰማሁ። የአውሮፕላኑ ዕቃ መሆኑን ሲሰሙ አንዷ ሴትዮ በጣታቸው ጫን አድርገው ነኩት፤ ይዟቸው እንዳይበር ሳይሰጉ አልቀሩም።

የእኔ ስግደት እንደሳቸው አልሰመረም። ቀትር ላይ የቀኝ እግሬ ማሰሪያ ላላና ትራሱ ከጉልበቴ ወደ ባቴ፣ ከባቴ ወደ ቁርጭምጭሚቴ ወረደ። ካህናቱ ዝም ብለዋል፤ ሕዝቡ ግንባሩን መሬት አስነክቷል፤ ወፍ እንኳ አይሰማም። ቶሎ ላስተካክለው ብዬ እጄን ሱሪዬ ውስጥ ሰደድኩና ማሰሪያውን ሳብኩት። ጠርርርርር! ከፊቴ የሰገደው ሰውዬ ሱሪው የተቀደደ መስሎት እንደ ተደፋ ወደ ኋላው ዳሰሰ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በአንድ እጁ ነጠላውን ወደ ታች እየጎተተ ነው የሰገደው። ይቅርታ ልጠይቀው ይገባ ነበር። ግን ምን ብዬ?

ማምሻው ላይ አባ በወይራ ቅጠል ትከሻ ትከሻችንን እየነኩ፣ ጥፋታችንን እየጠየቁ የስግደት ቁጥር ሲሰጡ ተራዬ ደረሰ። «ምን አጠፋህ፣ ልጄ?» አሉኝ። ሐሜት አልኩ፤ ቁጣ አልኩ፤ ረቡዕና አርብ ረስቼ ማኪያቶ ጠጥቻለሁ አልኩ። ስለ ከረጢቱ ትንፍሽ አላልኩም። አባ ዝቅ ብለው ጉልበቴን አዩ።

«በዚህ ባበጠ ጉልበትህ ነው ስትሰግድ የዋልከው?»

እሳቸው ዝምታዬን ትሕትና አድርገው ቆጠሩልኝ። «አንተስ ይበቃሃል። ሃያ ስገድና ወደ ቤትህ ግባ። እግዚአብሔር ይማርህ» አሉ። ከኋላዬ ያለች ሴት ከንፈሯን መጠጠችልኝ። እኔም እንደ በሽተኛ ትንሽ ጎተት እያልኩ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ሃያዬን ሰግጄ ወጣሁ። በዚያው ቀን ያበጠ ጉልበት ሌላ ቦታ ነበር፤ ማንም ከንፈሩን አልመጠጠለትም።

ቅዳሜና እሁድ ሥራ አልነበረኝም። ፋሲካ ዕለት የአማቴ እህት እትዬ ዘነበች ከሱሉልታ መጥተው በልተው ጠጥተው ተመለሱ። ሰኞ ጠዋት ከረጢቱን ሳነሳ የእኔ ጥንድ ብቻ ነው ያለው።

«እማማ፣ የርስዎ የታል?»

«ዘነበች ወሰደችው። ጉልበቷ ነዝንዞ ሊገላት ነው።»

«እንዴ፣ እስከ በዓለ ሃምሳ ስግደት የለም እኮ!»

«ወለል ስትወለውል ታደርገዋለች። ምነው፣ ለእህቴ ነፈግከኝ እንዴ ልጄ?»

ልጄ ተብዬ እንዴት አዎ ልበል?

ሥራ ቦታ ስደርስ ኦቦ ዳባ ደረጃውን በአንድ እግራቸው እየቀደሙ፣ ሌላውን እየጎተቱ ሲወጡ አገኘኋቸው። አርብም ቅዳሜም ባዶ ብረት ላይ ውለዋል። «ትራሳችን የት ገባ?» አሉኝ። «ለእጥበት ሄዷል» አልኩ። ይህ ውሸት ከአፌ እንደወጣ አንድ ነገር ገባኝ፤ ትራሶቹ ለእጥበት ከሄዱ የእኔም ሄዷል። ከረጢቴ ውስጥ ያለውን አውጥቼ ላደርገው አልችልም፤ ለሳቸው ልስጣቸውም አልችልም። በብልጠቴ ሁለታችንንም ብረት ላይ አስቀመጥኩ። የዚያን ቀን ብሎኖቹን አንድ በአንድ ተዋወቅኋቸው።

ማክሰኞ ዕለት ኦቦ ዳባ ስለ ትራሱ ምንም አልጠየቁኝም። እንዲያውም ከወትሮው ረጋ ብለው፣ አንድ ሁለት ጊዜ አየት አደረጉኝ። ረስተውታል ብዬ ደስ አለኝ። ከሰዓት ማርታ ፎርሟን ይዛ መጣች። እኔ ጥርሱን የገለጠውን ፊት አከበብኩ። ሰረቅ አድርጌ የኦቦ ዳባን አየሁ። እሳቸውም ጥርሱን የገለጠውን ነው ያከበቡት። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ላስብበትም አልፈለግሁም።

ማርታ ፎርሞቹን አየች። ቀና ብላ ኦቦ ዳባን ደረጃ ሲወርዱ አየች። ደግማ ፎርሙን አየች።

«ፎርሙ ይስቃል፣ ሰውየው ያነክሳሉ» አለች። «ኦቦ ዳባ፣ ይቁሙልኝ እስቲ። ሱሪዎን ከፍ ያድርጉት።»

ጉልበታቸው ያለቅጥ አብጦ ቆዳው ተወጥሯል። ክሊኒክ ተወሰዱ፤ ውኃ ቋጥሯል ተባለ፤ ወደ ሱሉልታ በመኪና ተላኩ። ማርታ ተመልሳ ከሳጥኑ አጠገብ እኔን ብቻዬን አገኘችኝ። አብዝቶ የከፋት ሰው ፊት ነበራት።

«አርብ ለኃላፊዎቹ ሪፖርት አቀርባለሁ» አለች። «መከላከያውን እያደረጉ ጉልበታቸው እንዲህ ካበጠ መከላከያው አይረባም ማለት ነው። ለሌሎቹ ግዙ ብዬ በምን አፌ እናገራለሁ? አንተስ? ያንተ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አልኩ። አፌ ሌላ ነገር ለማለት ተከፍቶ ነበር። ያ ሁሉ ጫኝ ከእንግዲህ ባዶ ብረት ላይ ሊውል ነው፤ እኔ ግን «ደህና ነው» ብዬ ሳጥኑን ቆለፍኩ። ባዶ ሳጥን።

ረቡዕ ዕረፍቴ ነበር። ቢያንስ ትራሱን መልሼ ላግኝ ብዬ ተነሳሁ። አማቴ «ዘነበች ዛሬ ሰበታ ልጇ ዘንድ ናት» አሉኝ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን የከበቡት ትሪ እንደከበቡ እንግዶች ነው፤ አንዱ ለአንዱ አንድ ነገር ማቀበል ከፈለገ እጁን በትሪው ላይ ማሻገር አለበት። ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ መሀል ከተማ፣ ከዚያ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሰበታ፤ በመጨረሻ ባጃጅ። ልጅቱ በሩን ከፍታ አየችኝ።

«እማዬ? መች መጣችና? የምትመጣው ቅዳሜ ነው።»

ተመለስኩ። አየር ጤና፣ መሀል ከተማ፣ አዲሱ ገበያ፣ የእንጦጦ ዳገት። ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቴ ከፊት ያለው ወንበር ጀርባ ላይ ተጣብቆ፣ ማርታ ብታየኝ ምን እንደምትል እያሰብኩ ሱሉልታ ደረስኩ። እትዬ ዘነበች በረንዳቸውን ተንበርክከው እየወለወሉ ነው። ጉልበታቸው ላይ የኦቦ ዳባ ስም ጨርቅ ጨርቁን ይከተላል።

«እትዬ፣ ይህንን ትራስ ፈልጌው ነበር። የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነው።»

«ውይ፣ ውሰደው ልጄ! እኔማ ሰኞ ዕለት ወተት የሚያመጡልኝ ሰውዬ እንደዚያ ትክ ብለው ሲያዩት የሚፈለግ ዕቃ ነው ብዬ ነበር።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ኦቦ ዳባ ናቸዋ! አየር ማረፊያ ነው የሚሠሩት፣ ታውቃቸው የለ? እያነከሱ ወተቴን ይዘው መጡ። እዚህ ጽሑፉ ላይ ዓይናቸው ቀረ። ከየት አገኘሽው አሉኝ። የእህቴ ልጅ ባል ከሥራው ያመጣው ነው አልኳቸው። የማን ስም ነው የተጻፈበት ብላቸው፣ "የፋብሪካው ስም ነው" አሉኝ። "ድሮም የታወቀ ፋብሪካ ነው፣ አድርጊው፣ ለጉልበት ጥሩ ነው" ብለውኝ ሄዱ።»

እትዬ ዘነበች ማሰሪያውን ሲያላቅቁ ጠርርር አለ። እኔ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሰኞ ማታ አውቀዋል። ማክሰኞ ጠዋት አጠገቤ ተንበርክከው፣ ያንን ጉልበት ብረት ላይ አድርገው፣ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ከዚያም የሚስቀውን ፊት አከበቡ።

መንገድ ዳር ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። ቀድሜ ኦቦ ዳባ ዘንድ ብሄድ ይቅር ይሉኛል፤ ይቅር ካሉኝ ደግሞ ወደ ማርታ መደወያው ወኔ እንደሚጠፋኝ ራሴን አውቀዋለሁ። ደወልኩላት። ከሐሙስ ከሰዓቷ ከረጢት ጀምሬ፣ አማቴን፣ አባን፣ እጥበቱን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«ኦቦ ዳባ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው ያላደረጉት?» አለች።

«ከስቅለት ጀምሮ።»

«አንተስ ስቅለት ዕለት የት ነበርክ?»

«ስሰግድ።»

«ነገ ጠዋት አሁን ያልከኝን በእጅህ ጽፈህ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጥ። ከሪፖርቱ ጋር አያይዘዋለሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤህ ለብቻው ይመጣል። ሙከራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል» አለችና ዘጋችው። መጮኋን ነበር የምጠብቀው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የኦቦ ዳባን ግቢ ስገባ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ከበረቱ ብቅ ብለው «አካም ጂርታ? ሴኒ፣ ሴኒ፣ ግባ!» አሉኝና ተመለሱ። ላሚቱን እያለቡ ነበር፤ ማለት ሊያልቡ እየታገሉ። ላሚቱ የሌላ እጅ አልለመደችም። ኦቦ ዳባ በረንዳው ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው፣ ከሩቅ በአፋቸው ላም ያልባሉ። «ቀስ በይ፣ ቀስ! ጎኗን ዳበስ አድርጊያት!» ይላሉ። ባልዲ ሲወድቅ ተሰማ። ኦቦ ዳባ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሐኪሙ መንበርከክም ቁጢጥ ማለትም ተው ብሎኛል» አሉኝ፣ ሰላምታ እንደተለዋወጥን። «እስከ መቼ ነው ብለው፣ እናያለን አለኝ።»

ከረጢቱን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

«የሚስቀውን ለምን አከበቡት፣ ኦቦ ዳባ?»

«መከላከያው ረድቶሃል ወይ ነው የሚለው። በነበረበት ቀን ረድቶኛል። ምን ዋሸሁ?» አሉ። «ያለቀሰውን ባከብ ደግሞ ለእነዚያ ልጆች ማን ይገዛላቸዋል?»

«ለምን አልተናገሩኝም ታዲያ? ሰኞ ማታ ነው ያወቁት።»

«አሮጊት ሴት ጉልበት ላይ የታሰረ ነገር ፍቺ ልበል? ለስግደት ነው የወሰደው ብዬ ተውኩት።» ከዚያ ወደ በረቱ እያዩ፣ «አንተ ራስህ ትነግረኛለህ ብዬም ጠብቄ ነበር» አሉ።

ተንበረከክሁ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። በረንዳው ሻካራ ሲሚንቶ ነው፤ ጠጠሩ ወዲያው በሱሪዬ አልፎ ተሰማኝ።

«ተነስ» አሉኝ።

«ይቅር ካላሉኝ አልነሳም።»

«ዲሲ፣ ተወው አልኩህ እኮ! ሲሚንቶ ነው፤ ተነስ።»

አልተነሳሁም። እንደማልነሳ ሲያዩ ኦቦ ዳባ ከዘራቸውን አነሱ። ይምቱኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ እያለኝ ነው የደፋሁት። የከዘራው ጫፍ ከረጢቱን ስቦ፣ ቀስ እያለ እየገፋ አምጥቶ እፊቴ አቆመው።

«እንግዲያው እሱን አድርገህ ተንበርከክ» አሉ። «ባዶ ጉልበት ስንት ሰዓት እንደሚችል እኔ አውቃለሁ።»

እንቢ ልል አልቻልኩም። እዚያው ቁጭ ብዬ ማሰር ጀመርኩ። አንዱን አጣመምኩትና መልሼ ፈታሁት። ጠርርር።

«ምንድን ነው የተቀደደው?» አሉ አዴ ጫልቱ ከበረቱ።

«ምንም አልተቀደደም» አሉ ኦቦ ዳባ። «አንቺ ላሚቷን ያዢ።»

ስማቸውን ጉልበቴ ላይ አስሬ እፊታቸው ተንበረከክሁ። ምንም አላመመኝም።